በቤተሰብ የሚሮጥ ሰው አለ?

«በቤተሰብ ስኳር ያለበት ሰው አለ?» አለኝ ሐኪሙ።

ወጣት ነው፤ ቢበዛ ሠላሳ ቢሆነው ነው። አባቴ ነበረበት፣ አክስቴም ነበረባት አልኩት። ጻፈ። «ግፊትስ?» እናቴ። ይህንንም ጻፈ። «እርስዎ ስፖርት ይሠራሉ?» አልሠራም። ጻፈ፤ ግን ሌላ ቦታ ላይ። ስኳሩና ግፊቱ የቤተሰብ ታሪክ በሚለው ክፍል ተመዘገቡ። አለመንቀሳቀሴ ደግሞ ከሲጋራና ከመጠጥ ጎን፣ የግል ልማድ በሚለው ስር ብቻውን ተቀመጠ። ከዚያ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ «በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ» ብሎ እንደ መድኃኒት አዘዘልኝና፣ ከወር በኋላ ሐሙስ ቀን ቀጥሮ ሸኘኝ።

ለብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ አስተምሬያለሁና ነገሮች በምን ርእስ ስር እንደሚመደቡ ሳላይ አላልፍም። ከክሊኒኩ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ (ልብ በሉ፣ ቤቴ ከዚያ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው) የማብሰለስለው ይህንኑ ነበር። ስኳሩን ከአባቴ ወረስኩት ከተባለ፣ መቀመጡንስ ከማን አመጣሁት? ሐኪሙ «በቤተሰብ የሚሮጥ ሰው አለ?» ብሎ ለምን አልጠየቀኝም?

በማግስቱ ማለዳ ትእዛዙን ልፈጽም ወጣሁ። ቱታ ስለሌለኝ ያደረግሁት አሮጌ ሱሪና ሹራብ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ሳልሄድ አንድ ጎረቤቴ መኪናውን አጠገቤ አቆመና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ጋሼ! ምነው፣ በደህና? ይግቡ ላድርስዎ!» የትም አልሄድም አልኩት። እየሄደ ያለ ሰው «የትም አልሄድም» ሲል መስማት መቼም ግራ ያጋባል። «እንዲሁ ለጤና ብዬ ነው» ስለው ደግሞ ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁ። ጤና የሚለውን ቃል ሰምቶ በሽታ ብሎ ተረጎመው። ቤት ስመለስ ባለቤቴ ዘንድ ሁለት ስልክ ተደውሎ ኖሯል። አንዷ መኪናዋን ሸጣችኋት እንዴ ብላለች። ሁለተኛዋ ጠጋ ብላ፣ «እሱን ሰውዬ ከሳ አይደል? ምን አገኘው?»

የቋንቋችን ነገር እዚህ ላይ ይታያል። እኛ ዘንድ «ከሳህ» የሐዘን ቃል ነው፤ ማስተዛዘኛ ይከተለዋል። «ወፈርክ» ደግሞ ምርቃት ነው፤ «ተመችቶሃል»፣ «ደልቶሃል»፣ «አምሮብሃል» ይከተሉታል። ቦርጭ በአደባባይ የተከፈተ የቁጠባ ሂሳብ ነው፤ ባለቤቱ ለብድር ዋስ ቢቀርብ ማንም የሚጠራጠረው አይመስለኝም። እርግጥ የዛሬ ወጣቶች በዚህ ይስቃሉ፤ እነሱ ጂም አላቸው፣ በስልካቸው እርምጃ ይቆጥራሉ። ግን እነዚያው ወጣቶች ለበዓል ወደ ቤተሰብ ሲሄዱ እናታቸው በር ላይ ተቀብላ «ምነው ልጄ፣ አጥንትህ ቀረ እኮ!» ስትላቸው እርምጃ ቆጣሪው ኪስ ይገባል።

የአባቴን ነገር ላጫውታችሁ። አባቴ ከመንዝ አዲስ አበባ የመጣው በእግሩ ነው። ስንት ቀን እንደፈጀበት ሲናገር እንደ ስሜቱ ነበር፤ ሲከፋው አምስት ቀን፣ ደስ ሲለው አራት። ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ፣ ጫማ አደረገ፣ ጠረጴዛ ተሰጠው። ከዚያ ወዲያ ያለ ግድ አንድ እርምጃ የተራመደ አይመስለኝም። «እኔ የሄድኩት ለሰባት ትውልድ ይበቃል» ይል ነበር፣ በኩራት። እኔና እህቴን ከአቧራ፣ ከጭቃና ከላብ ማዳን የአባትነቱ ሥራ ነበር። አቧራ የነካው ጫማ ይዤ ከገባሁ የሚያየው ጫማውን አልነበረም፤ ያን የመንዝ መንገድ ነበር የሚያየው። ዛሬ «ወላጆቻችን ስፖርት አላስለመዱንም» ብሎ መክሰስ ይቀላል። ሰውዬው እኮ ያወረሰን በሕይወቱ ካገኘው ሁሉ የሚበልጥበትን ነው። መቀመጥን።

አባቴን ሲሮጥ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

በ1972 ዓ.ም. ክረምት ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5,000ም በ10,000ም ሜትር ወርቅ ሲወስድ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰፈሩ አበደ። «ማርሽ ቀያሪው!» እያልን በጭቃው ውስጥ ቤቶቹን እየዞርን እንሮጥ ነበር፤ የመጨረሻው ዙር ላይ ሁሉም ማርሽ ይቀይራል፣ ሁሉም ምሩፅ ነው። ከዚያ ቡድን አራታችንን ላንሳ፤ እኔን፣ በአንድ ዓመት የምታንሰኝን እህቴን፣ መርካቶ የሚሸከም የኩሊ ልጅ የነበረውን ጓደኛዬንና የሸማኔውን ልጅ።

መጀመሪያ የወጣችው እህቴ ናት። ሱዚ ስትዘል ገመዱ ከጭንቅላቷ በላይ ቢያዝ አይበግራትም ነበር፤ ፔፕሲ ስንጫወት ኳስ ነክቷት አያውቅም። አንድ ቀን እናቴ ከበር ላይ ሆና «ነይ ግቢ፣ አድገሻል» አለቻት። በቃ፣ ይኸው ነው። ቁጣ የለ፣ ማብራሪያ የለ። «አድገሻል» የሚለው ቃል ለእኔ ረጅም ሱሪ ሲያመጣ ለእሷ ምጣድ አመጣ። ቀጥዬ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ለእኔ የመጣው አስጠኚ ነው። የሸማኔው ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ አባቱ ጎን ሸማ ሊሠራ ተቀመጠ፤ እጁም እግሩም ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ይውላል፣ ማታ ሲወጣ መሮጥ ሳይሆን መተኛት ነው የሚፈልገው። እንቅስቃሴ ጥሩ ነው ብለን ስናወራ እንዲህ ያለውን ልጅ እንረሳዋለን። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለን ሰው ሶምሶማ ውጣ አይባልም።

የኩሊው ልጅ ቀረ። ዛሬም አለ፤ እንደ እኔው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፣ እሁድ እሁድ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሰፈሩ ጤና ቡድን ጋር ኳስ ይጫወታል። ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ዳኛውን እየተሳደበ። ምን ለየው? ድህነት እንዳልል የሸማኔውም ልጅ ድሃ ነበር። ያስታወስኩት አንድ ነገር ነው፤ አባቱ ቅዳሜ ከሰዓት ከመርካቶ ሲመለስ፣ ያ ሁሉ ጆንያ የተጫነው ሰውዬ፣ ጫማውን አውልቆ ከእኛ ጋር የጨርቅ ኳስ ይጫወት ነበር። ይወድቃል፣ ይስቃል፣ ያጭበረብራል። ለልጁ «ስፖርት ለጤና ይጠቅማል» ብሎት አያውቅም። ትልቅ ሰው ሲጫወት አሳየው እንጂ። እኔ ትልቅ ሰው ሲጫወት ያየሁት የእሱን አባት ነው፤ ያየሁትም እንደ ጉድ ነው።

ይህ የአንድ ሰፈር ወሬ እንዳይመስላችሁ። ፊንላንዶች እ.ኤ.አ. በ1980 ከሦስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት የሆናቸውን 3,596 ልጆች መዝግበው፣ ጎልማሳ እስኪሆኑ ድረስ ልባቸውንም ልማዳቸውንም ሲከታተሉ ኖረዋል። ከብዙ ውጤቶቻቸው አንዱ፣ በአፍላነት ዘመኑ ለዓመታት ሳያቋርጥ ስፖርት የሠራ ልጅ ጎልማሳ ሲሆንም የመንቀሳቀስ ዕድሉ ከሌሎች ይበልጣል የሚል ነው። ወላጆች ራሳቸው መንቀሳቀስ አለመንቀሳቀሳቸውም በልጆቹ ላይ ይታያል። ሰንሰለቱ ጥብቅ አይደለም፤ ያልሮጠ ሁሉ ተቀምጦ አይቀርም፣ የሮጠም ሁሉ ሲሮጥ አይኖርም። ግን ዝንባሌው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት የ146 አገሮች ጥናት ደግሞ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ተማሪዎች 81 ከመቶው በቂ እንቅስቃሴ አያደርጉም፤ ከወንዶቹ 78፣ ከሴቶቹ 85 ከመቶው። ያቺ የሰባት ነጥብ ልዩነት ውስጥ «ነይ ግቢ፣ አድገሻል» የሚለው ድምፅ በስንት ቋንቋ እንደተባለ አስቡት።

ስለዚህ ሬዲዮ ላይ ስለ ጤና የሚመክሩን ሰዎች «ስንፍና ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም!» ሲሉን ቅር ይለኛል። ሰነፍ አልነበርንም። እኔ እስከ እኩለ ሌሊት የማጠና ልጅ ነበርኩ፤ እህቴ ከማለዳ እስከ ማታ ቁጭ ብላ አታውቅም። የተማርነውን በሚገባ ተምረናል። የተማርነው ግን ላብ የሚያልበው ሌላ ሰው እንደሆነ ነው።

የሚያሳፍረኝ፣ ይህን ትምህርት እኔም ክፍል ውስጥ ሳስተምረው መኖሬ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ለስንት ዓመት አስተማርኩ፤ ስለ ባላባቱ ሥርዓት፣ ስለ ጉዱ ካሳ፣ ስለ ዘር ሐረግ ስንት ፈተና አወጣሁ። አንድም ቀን ግን «በዚህ ልቦለድ ውስጥ ማን ነው በእግሩ የሚሄደው? ማንስ ነው የሚቀመጠው?» ብዬ አልጠየቅሁም። ፊታውራሪ መሸሻን የሚያክል ቤት ልጁን የሚያስከብረው በማስቀመጥ ነው። ሰብለ ወንጌል በቤት ውስጥ ተጠብቃ፣ የሚመጥናት እስኪመጣ ድረስ ወጣትነቷ ያልፋል። በእግሯ ረጅም መንገድ የምትጀምረው ያን ቤት ጥላ የወጣች ዕለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን የፍቅር ጉዞ ነው ብለው ጽፈውልኛል፤ እኔም ሙሉ ማርክ ሰጥቻለሁ። አሁን ሳስበው፣ የአንዲት የባላባት ልጅ እግሮች ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ የሆኑበት ገጽ ነው። ጌታ በበቅሎ፣ አሽከር በሩጫ በሚሄድበት አገር የእግር ነገር የማዕረግ ነገር ነበር።

በዓመት አንድ ቀን ግን ማዕረጉ ይታገድ ነበር። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ሁላችን እናውቃለን፤ ያን ቀን ቅልጥሙን ቢመታም ችሎ ይገባል። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም የዘመናችን ገና ጨዋታ ይመስለኛል። ኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር አሥር ሺህ ያህል ሰው ነበር፤ ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ሮጦ አሸነፈ። ዛሬ ከአርባ ሺህ በላይ ሰው ያንኑ አሥር ኪሎ ሜትር በአንድ ዓይነት ካናቴራ ይወጣዋል። ሥራ አስኪያጁ ከተላላኪው ጋር ያልበዋል፣ ይዘፍናል፣ ውኃ ይራጫል። ደስ ይላል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ (ሮጫለሁ አላልኩም)። ሰኞ ዕለት ግን ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ፎቅ ለመውጣት ሊፍት ይጠብቃል፣ ተላላኪው በደረጃ ይወጣል። ካናቴራው እስከ ጥር ድረስ የቤት ልብስ ይሆንና ከዚያ ወለል ይወለወልበታል።

የሯጮቻችንን ታሪክ የምንተርክበት መንገድም ይህንኑ ያጠናክረዋል። ኃይሌ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ሮጦ ሄዶ አሥር ሮጦ ይመለስ እንደነበር፣ ደብተሩን የያዘበት ግራ እጁ ሲሮጥ እንደታጠፈ መቅረቱን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው፣ ኃይሌ ራሱን ሆኖ የተወነበት «ኢንዱራንስ» የተባለው ፊልምም የቆመው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ከዚህ ትረካ የምንወስደው፣ ሩጫ መኪና ያጣ ሰው ነገር ነው የሚለውን ነው። ታሪኩ ውስጥ ግን ሌላም አለ፤ አባቱ ሩጫውን አልወደዱትም ነበር። አሥር ልጆች ያሉት የአርሲ ገበሬ ቤት ነው፤ ለምንም የማይሆን ሩጫ ምን ያደርጋል? ወደ ትምህርት ቤት መሮጡ በዚያ ቤት ችግር ነበር። ስፖርት የሆነው ልጁ ከአባቱ ፈቃድ ውጭ የሮጠ ቀን ነው። ወደ በቆጂ ብንሄድ ደግሞ የተገላቢጦሹን እናያለን። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ቀጭን የሆነው ለሁሉም ልጅ እኩል ነው። የዲባባ ልጆች ግን እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽ፣ ገንዘቤ፣ ሦስቱም ለኦሊምፒክ ሜዳሊያ በቁ። ዘመዳቸው ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ በዚያ ቤት ውስጥ «ሴት ልጅ ትሮጣለች» የሚለው ዓረፍተ ነገር አንዴ ተነግሮ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚያድግ ልጅ ሩጫን ሰው ሲሠራው ያየው ነገር ነው፤ የኩሊው ልጅ የአባቱን ኳስ እንዳየው።

ስለ ሌላው ሰው ቤት ይህን ያህል ከተናገርኩ ስለ ራሴ ቤት ዝም ማለት አይሆንም። የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ግድም ልጄ ስምንተኛ ክፍል ሳለች ትምህርት ቤቷ ለመረብ ኳስ ቡድን መረጣት። በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ ልምምድ አለ፣ ወላጅ ይፍቀድ የሚል ወረቀት መጣ። እናቷ አንተው ጻፍ አለችኝ። «ልጃችን በያዝነው ዓመት የሚኒስትሪ ፈተና ተፈታኝ በመሆኗ፣ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከሚሰጠው ልምምድ ነጻ እንድትሆን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ አማርኛ ነበር። ፈረምኩበት። አስጠኚ ቀጠርን። ትምህርት ቤት የሚያመላልሳት ሰርቪስ በር ላይ ይወስዳታል፣ በር ላይ ይጥላታል። አባቴ ቢኖር ኖሮ ትከሻዬን መታ መታ ያደርገኝ ነበር።

አሁን ባንክ ነው የምትሠራው። ገና በሃያ ሰባት ዓመቷ ወገቧን ያማታል፣ ወንበሯ ላይ ትራስ ትወስዳለች። ባለፈው ቅዳሜ ልትጠይቀን መጥታ፣ የሐኪሙን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፎ አየችና ሳቀች። እኔም ያን ደብዳቤ አነሳሁባት። ታስታውሺዋለሽ ወይ? ተቀይመሽኝ ነበር? ለይቅርታ የሚሆን ንግግር በልቤ አዘጋጅቻለሁ።

«አይ አባዬ፣» አለችኝ፤ «እውነቱን ልንገርህ? ደስ ብሎኝ ነበር።»

«እንዴት?»

«ከልምምድ በኋላ ሰርቪስ ውስጥ ላቤ ይሸታል ብዬ አፍር ነበር። ደግሞ እማዬ ፊቴ ጠቆረ ትል ነበር። አልፈቀደም ስባል ገላገልከኝ።»

ንግግሬን ዋጥኩት። እኔ በዚያች ወረቀት ወሰንኩባት ብዬ ስንት ጊዜ ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ፤ ለካ ወረቀቱ ሲመጣ ውሳኔው ካለፈ ቆይቷል። አሥራ አራት ዓመት ሳይሞላት ቤታችን ሥራውን ጨርሶ ነበር። ማንም «አትሩጪ» አላላትም። አባቷ ለሁለት መቶ ሜትር መኪና ሲያስነሳ አየች፣ እናቷ የቆዳዋን ነገር ስትጨነቅ ሰማች፣ አያቷ ያን የሰባት ትውልድ ቀልዱን ሲደጋግም ሳቀች። እኔ ፊርማ ብቻ ነበር ያዋጣሁት።

«ነይ በይ፣ ዛሬ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አልኳት። የእናቷን ሸራ ጫማ አድርጋ ወጣች። ቀስ ብለን ጀመርን፤ ልጅ ሆና ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወትበትን ቦታ አሳየችኝ፣ አሁን ሕንፃ ቆሞበታል። ዳገቱን ስንጨርስ ሁለታችንም አለከለክን፤ እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን። ግንባሯ ላይ ላብ ነበር፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። አሥራ አምስት ደቂቃ ሞላን፤ ግማሹ ማለት ነው።

ያኔ ያ ጎረቤቴ መጣ። መኪናውን አጠገባችን አቆመና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። «ኧረ ጋሼ! ዛሬም በእግር? እሷንም ይዘው? ኧረ ግቡ፣ ግቡ ላድርሳችሁ!»

አመሰግናለሁ ልል አፌን ስከፍት የኋላው በር ተከፍቷል። ልጄ ገብታ ቦታ እየለቀቀችልኝ ነው።

«አባዬ ና እንጂ፣ ሰው እኮ ቆሞ እየጠበቀን ነው።»

ይሉኝታ ያዘኝ። ገባሁ። ሐሙስ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ።